ከበዓሉ ማዕድ በኋላ፤ ደጋግመን ያየናቸው አራት ፊልሞች



የሃምሳ አምስቱ ቀን ጾም ተፈጽሞ፣ ሌሊቱ በቅዳሴ ነግቶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ በብዙ ቤት ውስጥ አንድ ጸጥ ያለ ሰዓት ይመጣል። አባወራው ከመቀመጫው ላይ ጋደም ይላል። እመቤቲቱ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። ሕፃናቱ አዲሱ ልብሳቸው እንዳይቆሽሽ እየተፈራ ከቤት አትውጡ ተብለዋል። ያን ጊዜ ከወጣቶቹ አንዱ «ምን ፊልም እንይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም የየራሱን ምርጫ ይናገራል፤ ክርክሩ ይረዝማል፤ ብዙውን ጊዜም ሳይስማሙ በቴሌቪዥኑ ላይ የመጣውን ማየት ይቀጥላሉ።

በዚህ የበዓል ገጻችን ለዚያ ጥያቄ የራሳችንን መልስ ልንሰጥ አስበናል። የምናቀርበው የሊቃውንት ምርጫ አይደለም፤ የልብ ምርጫ ነው። በወጣትነታችን በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ያየነው የህንድ፣ የካውቦይና የካራቴ ፊልም ስፍር ቁጥር የለውም። ከህንዱ ጋር አልቅሰናል፤ ከካውቦዩ ጋር ፈረስ ጋልበናል፤ ከካራቴው ስንወጣ እርስ በርሳችን ተደባድበናል። አብዛኞቹን ግን ዛሬ በስማቸው እንኳ አናስታውሳቸውም። ጥቂት ፊልሞች ብቻ ከዓመት ወደ ዓመት አብረውን ተሻግረዋል። ስለምን እነዚህ ቀሩ? ይህን ጥያቄ ለራሳችን ባቀረብን ቁጥር የምናገኘው መልስ አንድ ሆኗል፤ እርሱንም ወደፊት እንገልጸዋለን።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እንበል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲኒማን በጥርጣሬ ዓይን ያዩት እንደነበር አይካድም። በከተማችን የመጀመሪያው የሲኒማ ማሳያ በሕዝቡ ዘንድ «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም አትርፎ እንደነበር የታወቀ ነው። ዛሬም በጾሙ ወራት ከፊልም ተቆጥበው የሚሰነብቱ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ይህ ጥርጣሬ ከንቱ ነው አንልም፤ ሰውን ከቤቱና ከወገኑ የሚያርቅ ፊልም ሞልቷል። ሆኖም ሰውን ወደ ቤቱ የሚመልስም ፊልም አለ። ዛሬ የምናነሣቸው አራቱ ከእነዚህኞቹ ወገን ናቸው። በአራቱም ውስጥ ጀግና የለም፤ ሽጉጥ ተኳሽ የለም። ያሉት አንድ አባት፣ አንድ የቢሮ ሠራተኛ፣ አንዲት ወጥ ሠሪና አንዲት እናት ናቸው። በየቤታችን ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ አይጠፋም።

አባት

በልጅነታችን በአንድ የቅዳም ሥዑር ቀን የሆነውን ነገር ሳንናገር ስለ መጀመሪያው ፊልም መናገር አንችልም። በዚያ ዓመት አባታችን የፋሲካውን በግ በዱቤ ገዝቶ ነበር። በጉ ሁለት ቀን በግቢያችን ታስሮ ሰነበተ። እኛ ልጆቹም ሣር እያጨድን አበላነው፤ የሰፈር ልጆችንም እየጠራን አሳየናቸው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባለበጉ መጣ። ለቅድሚያ ክፍያ የተባለው ገንዘብ አልደረሰውም ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጥቂት ተናገረ፤ ጎረቤቶችም ከየደጃፋቸው ወጡ። ከዚያ ገመዱን ፈትቶ በጉን እየጎተተ ሄደ። አባታችን አንድ ቃል አልመለሰም። እኛ ግን ኀፍረቱን መቋቋም አቅቶን በጓሮ በኩል ወጥተን ወደ ጎረቤት ቤት ሸሸን፤ እስኪመሽም አልተመለስንም። ስንመለስ አባታችን በዚያው በደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ምንም ሳይለን ነጠላውን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዞን ሄደ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ በአንድ የባህል ተቋም አዳራሽ «የብስክሌት ሌቦች» የተባለውን የኢጣሊያ ፊልም አየን። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1948 ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ያዘጋጁት ነው፤ ከድርሰቱ ጸሐፊዎችም ዋነኛው ቼዛሬ ዛቫቲኒ ናቸው። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሮማ በሥራ አጥ ተሞልታለች። አንቶኒዮ ሪቺ የተባለ የሁለት ልጆች አባት ከረጅም ጥበቃ በኋላ በየግድግዳው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ግን ብስክሌት ላለው ሰው ብቻ ነው፤ የእርሱ ብስክሌት ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ባለቤቱ ማሪያ የአልጋቸውን አንሶላ ገፍፋ ወደ መያዣ ቤቱ ትወስደዋለች፤ በዚያም ብስክሌቱን ያስለቅቃሉ። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የእነርሱን ጥቅል ይዞ ወደ ረጅሙ መደርደሪያ ሲወጣ ካሜራው ይከተለዋል። መደርደሪያው ከታች እስከ ላይ በሌሎች ሰዎች አንሶላ የተሞላ ነው። ስለ አገሩ ችግር አንድ ቃል አልተነገረም፤ ነገር ግን ሁሉ ተነግሯል።

ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። የቀረው ፊልም አባትና ብሩኖ የተባለው ትንሽ ልጁ ብስክሌቱን ፍለጋ ከተማዋን ሲያስሱ የሚውሉበት ነው። በመጨረሻም ተስፋ የቆረጠው አባት ልጁን ወደ ቤት እንዲሄድ አዝዞ፣ በአንድ ደጃፍ ላይ የቆመ የሌላ ሰው ብስክሌት ይዞ ይሮጣል። ወዲያው ይያዛል። ሕዝቡ ከብቦ ይሰድበዋል፤ ይመታዋልም። ልጁም አልሄደም ኖሮ ይህን ሁሉ ያያል። የብስክሌቱ ባለቤት የልጁን ፊት አይቶ አባትየውን ያለክስ ይለቀዋል። አባት በሕዝብ መካከል ባርኔጣውን ይዞ እያለቀሰ ይሄዳል። ልጁም ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያም እጁን ይሰጠዋል። ፊልሙ በዚህ ያበቃል።

አንቶኒዮን ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። በታዋቂ የአሜሪካ ተዋናይ እንዲያሠሩት ገንዘብ የቀረበላቸው ዴ ሲካ ይህን እንዳልተቀበሉ ይነገራል። እኛም ደግ አደረጉ እንላለን፤ በሕዝብ ፊት የተዋረደን ሰው አካሄድ ያ ሠራተኛ በትከሻው ያውቀዋልና። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ደግሞ ፊልሙ ሌላም ነገር ይጨምርለታል። ፊልሙ ሲሠራ የኢጣሊያ ጦር ከአገራችን ከተባረረ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። የወራሪውን አገር ሰው ሥራ አጥቶ፣ አንሶላውን አስይዞ፣ በልጁ ፊት አፍሮ ስናየው በልባችን የተቀመጠው ቂም ከማን ጋር እንደሆነ ቆም ብለን እንጠይቃለን። ድሃ በየትም አገር ድሃ ነው፤ አባትም በየትም አገር አባት ነው።

በዚያ ምሽት ከአዳራሹ ስንወጣ ያሰብነው ግን ስለ ኢጣሊያ አልነበረም። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ የሚመስለው ብሩኖ የሰጠውን እጅ እኛ በጊዜው አልሰጠንም ነበር።

የቢሮ ሠራተኛ

ሁለተኛው ምርጫችን የጃፓን ፊልም ነው። ርእሱ «ኢኪሩ» ሲሆን ወደ አማርኛ ሲመለስ «መኖር» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ያዘጋጁት ዝነኛው አኪራ ኩሮሳዋ ናቸው። ፊልሙ የሚጀምረው በአንድ የራጅ ምስል ነው፤ የምናየው ሆድ የካንጂ ዋታናቤ ሆድ ነው፤ በውስጡም ካንሰር አለ፤ እርሱ ግን ገና አላወቀም። ዋታናቤ በማዘጋጃ ቤት የአንድ ክፍል ኃላፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንድ ቀን ሳይቀር ሥራ ገብቷል። ሥራው ግን ወረቀት ላይ ማኅተም መምታት ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ የአንድ ድሃ ሰፈር እናቶች አቤቱታ ይዘው ይመጣሉ። በሰፈራቸው የተኛው የቆሸሸ ውኃ ልጆቻቸውን እያሳመመ ስለሆነ ተደፍኖ የልጆች መጫወቻ እንዲሆንላቸው ይለምናሉ። ከዚህ ክፍል ወደዚያ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ሌላው ይመሯቸዋል። ሁሉም «የሚመለከተው እኛን አይደለም» ይላቸዋል። ዞረው ዞረው መጀመሪያ ወደ ቆሙበት መስኮት ይመለሳሉ። ይህን ትዕይንት በቤታችን ባየን ቁጥር አንድ ሰው ሳይስቅ አይቀርም፤ ቀጥሎም ዝም ይላል። «ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው ሁሉ እነዚያን እናቶች ያውቃቸዋልና።

ዋታናቤ ሞቱ መቅረቡን ሲረዳ ለልጁ ሊነግረው ይሞክራል። ልጁና ምራቱ ግን የሚያስቡት ስለ ጡረታ ገንዘቡ ነው። በመጠጥ ቤት ያድራል፤ ደስታም አያገኝም። ከዚያ በፊት በእርሱ ሥር ትሠራ የነበረች፣ አሁን ግን ቢሮውን ትታ በፋብሪካ የልጆች አሻንጉሊት የምትሠራ አንዲት ሳቂታ ልጅ ያገኛል። አንቺ እንዲህ የምትደሰቺው እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃታል። እርሷም የምሠራውን ጥንቸል ስሠራ ከአገሩ ሕፃናት ሁሉ ጋር የምጫወት ይመስለኛል የሚል መልስ ትሰጠዋለች። ዋታናቤ ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለዋል። በማግሥቱ ወደ ቢሮው ተመልሶ በወረቀት ክምር ሥር የተቀበረውን የእነዚያን እናቶች አቤቱታ ያወጣል።

ኩሮሳዋ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ፊልሙን ከሌሎች ሁሉ የተለየ ያደርገዋል። ዋታናቤ ሲታገል ወዲያው አናየውም፤ በአንድ ጊዜ ወደ ለቅሶ ቤቱ እንገባለን። መጫወቻው ተሠርቷል፤ ሰውየው ሞቷል። ባልደረቦቹ እየጠጡ ምስጋናው የማን እንደሆነ ይከራከራሉ። ሹማምንቱ ለራሳቸው ይወስዱታል። የእነዚያ ሰፈር እናቶች ግን ገብተው በፎቶግራፉ ፊት ያለቅሳሉ፤ ክርክሩም ጸጥ ይላል። አንድ ፖሊስም የሟቹን ባርኔጣ ይዞ ይመጣል። በመጨረሻዋ ሌሊት በረዶ እየጣለ ዋታናቤ በሠራው መጫወቻ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሲያንጎራጉር እንዳየው ይናገራል። ባልደረቦቹ ከእንግዲህ እንደ እርሱ እንሠራለን ብለው በእንባ ይማማላሉ። በማግሥቱ ቢሮ ሲገቡ አንድ ባለ ጉዳይ ይመጣል፤ እንደ ድሮው ወደ ሌላ ክፍል ይመሩታል።

እንዲህ ያለ ፊልም የምንወደው ስለማይዋሸን ነው። አንድ ሰው መልካም ስለሠራ ዓለም ወዲያው አትለወጥም። ነገር ግን በዚያ ሰፈር ልጆች ዥዋዥዌ ይጫወታሉ፤ ይህም እውነት ነው። በእኛም አገር ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ «ምን ያለ ደግ ሰው ነበር» እንላለን፤ አጠገባችን በነበረበት ዘመን ግን ደግነቱን ልብ ብለን አላየንም። ይህ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝ አገር ታሪክነት እንደገና ተሠርቷል፤ ድርሰቱን የጻፉት ካዙኦ ኢሺጉሮ፣ ዋነኛው ተዋናይም ቢል ናይ ናቸው። ደህና ፊልም ነው፤ እኛ ግን የጃፓኑን እናስቀድማለን።

ወጥ ሠሪ

ሦስተኛው ፊልም ከዛሬው ቀን ጋር እጅግ ይቀራረባል፤ ስለ ጾመኛ ሰዎችና ስለ አንድ ታላቅ ማዕድ የሚናገር ነውና። ይህ «የባቤት ግብዣ» የተባለው የዴንማርክ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ያዘጋጁት ጋብሪየል አክሰል ሲሆኑ ፊልሙም ምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም ተብሎ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ድርሰቱ የካረን ብሊክሰን ነው፤ እኚህ ደራሲ በጎረቤታችን በኬንያ ቡና እያለሙ ብዙ ዓመታት የኖሩ ናቸው።

በዴንማርክ የባሕር ዳርቻ በምትገኝ ትንሽ መንደር ማርቲነና ፊሊፓ የተባሉ ሁለት እኅትማማቾች ይኖራሉ። አባታቸው የመንደሩ ሰባኪ ነበር፤ እርሱ ካረፈ በኋላ ተከታዮቹን የሚሰበስቡት እነርሱ ናቸው። ምግባቸው የደረቀ ዓሣና ከዳቦና ከቢራ የሚሠራ ሾርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ባቤት የተባለች ፈረንሳዊት ስደተኛ በዝናብ ሌሊት በራቸውን ታንኳኳለች። በፓሪስ በነበረው ሁከት ባሏንና ልጇን አጥታለች። ያለደመወዝ አብስዬላችሁ ልኑር ትላቸዋለች። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ሾርባ ስትሠራላቸው ትኖራለች። እኅትማማቾቹም እንዴት እንደሚሠራ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው።

ባቤት ከፈረንሳይ አገር ጋር የቀራት አንድ ግንኙነት ወዳጅዋ በየዓመቱ የሚያድስላት የሎተሪ ቁጥር ብቻ ነበር። አንድ ቀን ዐሥር ሺህ ፍራንክ ይደርሳታል። እርሷም የሟቹ ሰባኪ መቶኛ የልደት ቀን ሲከበር የፈረንሳይ እራት ላብላ ብላ ትለምናለች። ከሩቅ አገር የመጣው ዕቃ ሲራገፍ መንደርተኞቹ ይደነግጣሉ፤ በተለይ ሕይወት ያለውን ትልቅ ኤሊ ሲያዩ። በእርግጥ ኤሊ በእኛም ማዕድ ላይ የሚቀርብ አይደለምና ድንጋጤያቸውን አንፈርድበትም። በመጨረሻም እንበላለን እንጂ ስለ ምግቡ አንድ ቃል አንናገርም ብለው ይስማማሉ።

በዚህ ላይ ፊልሙ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ይሆናል። እነዚያ ሽማግሌዎች ለዓመታት የተቀያየሙ ናቸው። አንዱ ሌላውን በንግድ አታሏል፤ አንዷ የሌላይቱን ስም አጥፍታለች። እራቱ ላይ ከተቀመጡት ዐሥራ ሁለት ሰዎች መካከል የሚበላውን ምን እንደሆነ የሚያውቀው ዓለም የዞረ አንድ ጄኔራል ብቻ ነው። እርሱ በእያንዳንዱ ሳህን ሲደነቅ ሌሎቹ በገቡት ቃል መሠረት ስለ አየር ጠባይ ይናገራሉ። ነገር ግን ፊታቸው እየፈታ ይሄዳል። የተታለለው ይስቃል፤ ያታለለው ይናዘዛል፤ የተቀያየሙት ይሳሳማሉ። በመጨረሻም በውጪ በከዋክብት ብርሃን እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዘምራሉ።

ባቤት ይህን ሁሉ አላየችም፤ እርሷ ጓዳ ነበረች። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እኅትማማቾቹ ገብተው ያመሰግኗታል፤ አሁን ሀብታም ስለሆነች ወደ አገሯ የምትመለስ መስሏቸዋል። እርሷ ግን ገንዘቡ እስከ መጨረሻው ፍራንክ ለዚያ እራት እንዳለቀ ትነግራቸዋለች። በፓሪስ ታዋቂ ምግብ ቤት የወጥ ቤቱ አለቃ እንደነበረችም ያን ጊዜ ይሰማሉ። ዐሥራ አራት ዓመት አብረዋት ኖረው ማን እንደሆነች አላወቁም ነበር።

ይህን ፊልም በፋሲካ ቀን ማየት የምንመርጠው ስለዚህ ነው። ትናንት ቅዳሜ ሽንኩርቱን ከማለዳ ጀምሮ የከተፈችው፣ ዶሮውን ዐሥራ ሁለት ብልት ያወጣችው፣ ሌሊት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሳቱን ስትጠብቅ ያደረችው ማን ናት? እኛስ ጉርሻውን ስንጎርስ የተነጋገርነው ስለ ምን ነበር? ስለ በግ ዋጋ ወይስ ስለ እርሷ? በዚያች የዴንማርክ መንደር አንድ ሰው ብቻ ነበር ምን እንደበላ ያወቀው።

እናት

አራተኛው የአገራችን ፊልም ነው። «ጤዛ»ን እ.ኤ.አ. በ2008 ያዘጋጁት በጎንደር ተወልደው በአሜሪካ ሲያስተምሩና ፊልም ሲሠሩ የኖሩት ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን አግኝቷል። በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የአንደኝነቱን ሽልማት ተቀብሏል።

አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው ነው። በደርግ ዘመን አገሬን አገለግላለሁ ብሎ ይመለሳል፤ ያየው ግን የወዳጅን ደም ነው። እንደገና ወደ ጀርመን ይሄዳል፤ በዚያም ቆዳው ጥቁር ስለሆነ ብቻ በተነሡበት ሰዎች እጅ አካሉን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአንድ እግሩ እናቱ ወዳለችበት የገጠር መንደር ይመለሳል። መንደሯም በጦርነት ተጨንቃለች፤ ወጣቶቹ ለጦር እንዳይታፈሱ በዋሻ ይደበቃሉ። አንበርብር የሌሊት ቅዠት ያባንነዋል፤ የሆነበትንም ለመናገር ቃል ያጣል። ፊልሙ ታሪኩን ቆራርጦ፣ አንዱን ዘመን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ የሚያሳየን የእርሱ ትዝታ እንደዚያ የተቆራረጠ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያ ሲያዩት ግር ቢል አንባቢ አይደንግጥ፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ነገሩ ቀስ በቀስ ይገጣጠምለታል።

ስለ «ጤዛ» ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ፖለቲካው ነው። እኛን ግን ደጋግሞ የሚመልሰን የአንበርብር እናት ፊት ነው። ዓመታት የጠበቀችው የተማረ ልጇ ነው። የመጣላት ግን እግሩን ያጣ፣ የማይናገር፣ ሌሊት የሚጮህ ሰው ነው። የመንደሩ ሰው ያጉረመርማል፤ ይህን ያህል ዓመት ምን ሲሠራ ኖረ ይላል። እርሷ ግን ከአጠገቡ አትለይም። ልጇ ያለ ዲግሪውም፣ ያለ ገንዘቡም፣ ያለ እግሩም ልጇ ነው። በፊልሙ ፍጻሜ አንበርብር ለመንደሩ ልጆች መምህር ይሆናል። አገር ለመለወጥ የሄደው ሰው በእናቱ መንደር ጥቂት ሕፃናትን ያስተምራል፤ ይህም ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ፊልሙ ያስረዳናል።

ይህ ነገር በበዓል ሰሞን ልብ ይነካል። ከዋሽንግተን፣ ከአውሮፓ፣ ከዓረብ አገሮች ለፋሲካ የሚመጡ ልጆች ያሏቸው አንባብያን ብዙ እንደሆኑ እናውቃለን። እንግዳው ከአውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ዓይናችን በቅድሚያ የሚያርፈው በሻንጣው ላይ ነው ወይስ በፊቱ ላይ? ባዶ እጁን የመጣውስ፣ አፍሮ ሳይመጣ የቀረውስ? «ጤዛ»ን ያየ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ሳይጠይቅ አያልፍም።

ለምን እነዚህ?

መጀመሪያ ላይ ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ። እነዚህ አራት ፊልሞች በአገርም፣ በዘመንም፣ በቋንቋም የተራራቁ ናቸው። አራቱ ግን አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ በየቀኑ የምናየውን፣ ስለዚህም ማየት የተውነውን ሰው መልሰው ያሳዩናል። ልጁ አባቱን ያየዋል፤ ሰፈሩ ሹሙን ያየዋል፤ እኅትማማቾቹ ወጥ ሠሪያቸውን ያዩአታል፤ ልጅ በእናቱ ዓይን ራሱን ያያል። አንዳንዱ በጊዜው ያያል፤ አንዳንዱ ከለቅሶ በኋላ። እኛ በሲኒማ ውስጥ ያገኘነው ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው።

ለማየት ለሚሹ አንባብያን ጥቂት ምክር እንጨምር። «የብስክሌት ሌቦች» አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ ከሕፃናት ጋር ለማየት ይመቻል፤ «መኖር» እና «ጤዛ» ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚረዝሙ ሰፊ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ «ጤዛ» ውስጥ ደግሞ ለሕፃናት የሚከብድ ትዕይንት አለ። የውጭዎቹ በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ስለሚገኙ ከወጣቶቹ አንዱ ለአያቶች እያነበበ ይተርጉም። በህንድ ፊልም ዘመን በየመቀመጫው ረድፍ አንድ አስተርጓሚ አይጠፋም ነበር፤ ግማሹን ከራሱ ይጨምር እንደነበር ብናውቅም ደስ ይለን ነበር።

አሁን የአባታችንን ነገር እንፈጽም። አባታችን ሲኒማ ቤት ገብቶ አያውቅም። ነገር ግን ያንን የኢጣሊያ ፊልም ካየን በኋላ በመጣው ፋሲካ፣ ቡና እየተጠጣ ሳለ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርነው። አንሶላው መያዣ ሲገባ ራሱን ነቀነቀ። ብስክሌቱ ሲሰረቅ «አይ!» አለ። አባትየው በሕዝብ ፊት የተያዘበት ላይ ስንደርስ ስኒውን አስቀመጠ፤ እኛም ጥቂት ዝም አልን።

«ልጁስ?» አለ። «ትቶት ሄደ?»

«የለም አባባ፤ እጁን ይዞ አብሮት ሄደ» አልነው።

«እንግዲያስ ደህና ነው» አለና ስኒውን አነሣ።

ስለ በጉ እርሱም አላነሣም፤ እኛም አላነሣንም። በዚያ ቀን ግን ጓደኞቻችን ከውጭ ቢጠሩንም አልወጣንም፤ እስኪመሽ ከጎኑ ተቀምጠን ዋልን። አባታችን ዛሬ በሕይወት የለም። በእያንዳንዱ ፋሲካ ያንን ፊልም የምናየው ስለዚህ ነው። አባቶቻችሁ ዛሬ በቤት ያሉ አንባብያን ሆይ፣ ፊልሙን ባታገኙት እንኳ ከጎናቸው ተቀመጡ።

በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የፍቅር ይሁንላችሁ።